ባለፉት ሰባት ቀናት

ልጄ ያንን ሰው መጀመሪያ ያየችው ከሚዛን ጋር ሲጣላ ነው።

ልጄ በምትሠራበት ሆስፒታል ውስጥ ካንሰር ለጸናባቸው ሕሙማን የተለየ ክፍል አለ። ከክፍሉ በር አጠገብ ሰው የሚቆምበት አሮጌ ሚዛን ተተክሏል። ነርሶቹ፣ ሚዛኑ ዛሬ ያከበደውን ነገ ያቀልላል እያሉ ስላማረሩ ጠጋኝ ተጠራ። የመጣው ረጅም፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ የጠቀለለ፣ ሲሠራ ለራሱ የሚያፏጭ ወጣት ነበር። ሞላውን ፈታ፣ ዘይት ቀባ፣ መመዘኛ ብረቶቹን እየጫነ ፈተነ። መጨረሻ ላይ ራሱ ወጣበት። የራሱን ክብደት እንደ ስሙ ስለሚያውቀው፣ የጠገነውን የሰው ሚዛን ሁሉ በራሱ መፈተን ልማዱ ነው።

ሚዛኑ አነሰበት። ወረደና ሞላውን እንደገና ጠበቅ አደረገው። አሁንም አነሰበት። ብረቶቹን ሲጭን ልክ ይናገራል፤ እሱ ሲወጣ ያንሳል። ልጄ በዚያ ስታልፍ እንደገና ሲወጣና ሲያጉረመርም አይታው ቆመች።

«ሚዛኑ ጤነኛ ነው» አለችው። «ምሳህን ያልበላኸው አንተ ነህ።»

«እኔ እስከማውቀው ጥፋተኛው ሁልጊዜ ሚዛኑ ነው» አላት።

ሁለቱም ሳቁ። ማታ እራት ላይ ይህን ስትነግረኝ፣ እንዲህ ያለ ሞኝ ሰው አይቼ አላውቅም አለች። አነጋገሯ አላማረኝም። የእናት ጆሮ ቀጭን ነው። ልጄ አንድን ወንድ ሞኝ ስትል ድምጿ ለስለስ ካለ፣ ነገር አለ ማለት ነው።

የልጄ ሥራ መጠየቅ ነው። በየማክሰኞው ከአልጋ አልጋ እየዞረች ለሕሙማኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ታነብላቸዋለች። ጥያቄዎቹ በሽታው ምን ያህል አደገ የሚሉ አይደሉም፤ ያንን መሣሪያ ያየዋል። የእሷ ጥያቄ የሚለካው ሰውየው እንዴት እየኖረ እንደሆነ ነው። ባለፉት ሰባት ቀናት ሕመም ነበረብዎ? እንቅልፍ አጥተዋል? ተክዘው ነበር? መልሱ ከአራት አንዱ ነው፦ ምንም፣ ትንሽ፣ ደህና አድርጎ፣ በጣም። መጨረሻ ላይ፣ ኑሮዎ በጠቅላላው ከአንድ እስከ አስር ቢለካ ስንት ነበር ይላል። አልመልስም ማለትም ይቻላል፤ እሱም እንደ መልስ ይጻፋል። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ መልሶቹን አይቶ ማስታገሻውን ይጨምራል ወይም ይለውጣል። የማይድን ሰው ደህና ሆኖ እንዲሰነብት የሚያደርገው ይኸው ነው።

ጥያቄው ሁሉ «ባለፉት ሰባት ቀናት» ብሎ ስለሚጀምር ሕሙማኑ «ሰባት ቀን» ብለው ስም አወጡላት። ሰባት ቀን መጣች፣ ጸባያችሁን አሳምሩ ይባባላሉ።

ሥራውን ስትጀምር የተለማመደችው በእኔ ነው። ወጥ ቤት ወንበር ላይ ታስቀምጠኝና፣ ባለፉት ሰባት ቀናት ደክሞዎት ነበር ወይ ትለኛለች፤ ወልዳ ያሳደገቻትን እናቷን አንቱ ብላ። እኔ ልብስ መተኮሻ ቤት ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ፊት ቆሜ ነው የምውለው። ይህ ምኑ ይጠየቃል፣ እግሬን አታይውም ወይ ስላት፣ ከአራቱ አንዱን ምረጪ ትለኛለች። በጣም ብዬ አይዞሽ እንድትለኝ እጠብቃለሁ። እሷ ፊቷን እንደ ግድግዳ አድርጋ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ተቀየምኳት። ደንቡ ነው አለችኝ። ጠያቂ ራሱን አይነቀንቅም፣ አይዞህ አይልም፣ ጎበዝ አይልም። ፊቱ ከከፋ ሰውየው ለእሱ ሲል መልሱን ያሳምርለታል። ቆይታ ደግሞ አዲስ አባባል አመጣች። የጠያቂ ፊት ሚዛን ላይ እንደተጫነ እጅ ነው አለችኝ። ይህን ከማን እንደሰማችው መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ምክንያቱም ሚዛን ጠጋኙ ደጋግሞ ይመጣ ነበር። ምንም ያልጎደለውን ሚዛን ሊያይ። አንድ ጊዜ ዘይት አንሶታል ይላል፣ ሌላ ጊዜ ወለሉ ተዳፋት ነው ይላል። ሥራው ሲያልቅ ሻይ ቤት ይቀመጣሉ። እሱ ስኳር የማይገባበት ሻይ ይጠጣል፤ እሷ የእሱንም ስኳር ጨምራ ትጠጣለች። ብዙ አያወሩም አሉ። ብርጭቆው ቢያልቅም ሁለቱም ባዶውን ይዘው ይቀመጡ ነበር።

ከዚያ ጠፋ።

ልጄ አንድ ቀን ብቻ፣ የጠፋ ሰው ፈልጎ ማግኘት የእኔ ሥራ አይደለም አለችና ጠረጴዛውን ሳይቆሽሽ ጠረገችው። እኔ በልቤ፣ ይሁን፣ ትረሳዋለች አልኩ። እንዲያውም ደስ ብሎኛል። ያን ጊዜ የማውቀው ነገር ቢኖር ሰውየው በሚዛን ጥገና እንደሚኖር ብቻ ነበር፤ ለልጄ ከዚያ የተሻለ እመኝላት ነበር።

አንድ ማክሰኞ ወረቀቷን ይዛ በመስኮቱ በኩል ወዳለው አዲስ ሕመምተኛ አልጋ ሄደች። አንገቱን ቀና ሲያደርግ እሱ ነው። ጉንጩ ገብቷል፤ ዓይኑ ግን ያው ነው።

«ሚዛኑ ልክ ነበር» አላት።

ልጄ ቆመች። ደንቡን አሰበች። የምታውቀውን ሰው መጠየቅ አይፈቀድም፣ ለአለቃዋ መናገር ነበረባት። ግን ምን ብላ ትናገር? ሻይ አብሮ መጠጣት መተዋወቅ ነው? ወረቀቷን ገለጠችና፣ ትናንት አንተ ትለው የነበረውን ሰው አንቱ ብላ መጠየቅ ጀመረች። ባለፉት ሰባት ቀናት ሕመም ነበረብዎ? በጣም አላት። እንቅልፍ አጥተዋል? በጣም። ፊቷን አላንቀሳቀሰችም፤ እንዳስተማሯት አደረገች። ብዕሯ ብቻ ሁለተኛው መልስ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጨርሳ ስትወጣ ደረጃው ሥር ቆማ አለቀሰች። ፊቷን ታጥባ ተመልሳ ደህና ዋል አለችው። እሱም ዓይኗን አየ።

በቀጣዩ ማክሰኞ ሕመሙን ስትጠይቀው ትንሽ አላት። ከዚያም በኋላ ትንሽ። ልጄ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። እየተሻለው ነው እማ፣ ትለኛለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ጸጉሯን ሁለት ጊዜ ማበጠር ጀመረች። ሌሎቹን ቀናትም ከሥራ ዘግይታ ትገባለች። እየሄደች አጠገቡ ትቀመጣለች። ብርቱካን ትልጥለታለች፤ እሱ አንዲት ፍሬ ይበላል፣ ሌላውን እሷ ትበላለች።

ይህን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ያ መንገድ እኔ የሄድኩበት ነው። ባለቤቴን የወሰደው ይኸው በሽታ ነው። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልነበረም፤ ሐኪሙም ጎረቤቱም የሚጠይቀው እኔን ነበር። እንዴት አደረ ይሉኛል። እሱ የአንሶላውን ጫፍ ነክሶ ይተኛል። አንድ ሰው እያየሽው እንደ ሻማ ሲያልቅ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ልጄ ገና ልጅ ናት። ያለችኝም እሷ ብቻ ናት። እያወቀች ገደል ስትገባ ቆሜ ልያት?

ሐሙስ ዕረፍቴ ነው። ሳልነግራት ሄድኩ። የምለውን በመንገድ ሁሉ አጠናሁት። ልጄ አንድ ናት፣ ጥሩ ሰው ከሆንክ ተዋት። አጭር ነው፤ አይጠፋኝም ብዬ ነበር።

ጣር የያዘው ሰው አገኛለሁ ብዬ ገባሁ። ያገኘሁት ግን የአልጋውን ብረት በአንድ እጁ ይዞ የተቀመጠ ወጣት ነው። ማን እንደሆንኩ ሳልነግረው አወቀኝ።

«አገጯ የእርስዎ ነው» አለኝ። «ይቀመጡ እትዬ። ወንበሩ አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ወደ ግራ ዘንበል ይበሉ።»

ዘንበል ብዬ ተቀመጥኩ። ስለ እኔ ብዙ ያውቃል። እግሬ እንደሚያብጥ ያውቃል፤ እንፋሎቱ ሳል እንዳመጣብኝ ያውቃል። ልጄ ከእኔ ጋር የምታወራው ስለ እሱ ነው፣ ከእሱ ጋር የምታወራው ስለ እኔ ነው ለካ። ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ወሬውን መሃል ላይ አቋረጠ። ዓይኑን ጨፈነና ብረቱን ጨመቀ። የእጁ አንጓዎች ነጡ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ቆይቶ ሲለቀው ዓይኑን ገልጦ ፈገግ ሊልልኝ ሞከረ።

ባለቤቴን ያየሁት መሰለኝ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ከአፌ የወጣው ልጄ ወጥ ቤት ውስጥ ያስጠናችኝ ነው።

«ባለፉት ሰባት ቀናት ሕመም ነበረብህ?»

ሳቀ። «እርስዎንም ቀጠረችዎት?»

«ከአራቱ አንዱን ምረጥ።»

ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ። ወደ መስኮቱ አየ፣ ወደ እኔም አየ። እኔ ፊቴን እንደ ግድግዳ አደረግሁ።

«በጣም» አለ።

«እንቅልፍ አጥተሃል?»

«በጣም።»

«ማክሰኞ ለእሷ ምን አልካት?»

«ትንሽ አልኳት።»

ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ራሱ ነገረኝ። የመጀመሪያው ቀን እውነቱን ሲናገር ብዕሯ መቆሙን፣ ዓይኗ ቀልቶ መመለሷን ነገረኝ። እሷን የሚያሳምም መልስ ሁለተኛ ከአፌ አይወጣም ብሎ ለራሱ ማለ። ሐኪሙ ወረቀቱን ያያል፣ ትንሽ የሚል ያገኛል፣ ማስታገሻውን እንዳለ ይተወዋል። ሌሊቱ ረጅም ነው አለኝ። ግን ማክሰኞ ትንሽ ሲላት በጉንጯ ላይ የምትታይ አንዲት ስርጉድ አለች፤ እሷን ለማየት ሲል ይችለዋል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አልኩት።

«እናቴም እንዲህ ትል ነበር። እሷ ግን ልጅዎን አላየቻትም» አለኝ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የመጣሁበትን አውቆታል።

«ተዋት ሊሉኝ ነው የመጡት።»

አልካድኩም።

«እተዋታለሁ» አለ። «ስትመጣ ክፉ ቃል እናገራታለሁ፤ ተቀይማ ትሄዳለች። ቅያሜ ከሐዘን ይቀላል። እርስዎም አንድ ነገር ይሁኑልኝ። የነገርኩዎትን አይንገሯት። እሱ ሲሰቃይ እኔ ትንሽ ብዬ ስጽፍ ኖርኩ እያለች እንድትኖር አልፈልግም።»

የምፈልገውን ሳልለምን በእጄ ሰጠኝ። እሺ ብል ልጄ ለጥቂት ጊዜ ታኮርፋለች፣ ከዚያ ትረሳለች፣ ከዚያ ጤነኛ ሰው ታገኛለች። የሚቀረው እሱ ነው፤ ብረቱን ይዞ።

«አስብበታለሁ» ብዬ ተነሣሁ። ወንበሩ ከኋላዬ ወደ ቀኝ ወደቀ።

አውቶቡስ መሳፈር አልቻልኩም፤ በእግሬ ተመለስኩ። የአንዱን ስቃይ ሰጥቼ የሌላዋን ደስታ ልገዛ ነው እያልኩ መጣሁ። እናት ለልጇ የማታደርገው የለም ይባላል። እውነት ነው። ግን ያ ልጅ እናት የለውም። ሐሳቤ እዚህ ላይ ሲደርስ እግሬ ያመኝ ጀመር፤ የሰው አጥር ተደግፌ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ብዙም አላሰብኩ።

ልጄ ስትገባ ድንች መላጥ ጀመረች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነገርኳት። ቢላዋው ቆመ። ሁሉንም እስክጨርስ ቀና አላለችም።

«ለምን ሄድሽ?» አለችኝ።

«ልለያችሁ።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?»

«ያመዋል» አልኳት።

ቢላዋውን አስቀምጣ እጇን ታጥባ ወደ መኝታዋ ገባች። በሩን አልዘጋችውም። እኔም ከውጭ ሆኜ ትንፋሿን እያዳመጥኩ ድንቹን ጨረስኩ። ኋላ ላይ በጨለማው ውስጥ፣ ጠይቄዋለሁ ግን እጄን ጭኜ ነው የጠየቅሁት፣ አለች። ለእኔ ይሁን ለራሷ አላወቅሁም።

በማግስቱ ጠዋት ብቻዋን አልሰድም ብዬ ተከተልኳት። ከአለቃዋ ቢሮ ስትወጣ ወረቀቱና ብዕሩ እጇ ላይ አልነበሩም። አልባረሯትም፤ ተቆጥተዋታል። የእሱ የድሮ መልሶች ተሰርዘው እንደ አዲስ ይጠየቃል ተባለ። ሐኪሙም፣ ሰውየው እየከሳ መልሱ የሚያምረው ለምን እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ነበር ብሏል።

እኔ በሩ አጠገብ፣ ሚዛኑ ጋ ቆምኩ። እሷ ገብታ በአልጋው ጫፍ ቆመች።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው እንዴ?» አላት።

«አይደለም።»

«ወረቀትሽስ?»

«መለስኩት። ከእንግዲህ አንተን የሚጠይቅህ ሌላ ሰው ነው።»

በትከሻዋ በኩል እኔን አየኝ። እኔ ዓይኔን ሰበርኩ።

«እናትሽ ተናገረች።»

«እናቴ ናት።»

ያን ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናገራታለሁ ያለኝን ክፉ ቃል ሊናገራት መሰለኝ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተ። ክፉ ቃል ልማድ ይፈልጋል፤ እሱ አልለመደውም።

«ታዲያ ምን ልትጠይቂኝ መጣሽ?» አለ በመጨረሻ።

«ምንም። ልቀመጥ ነው የመጣሁት።»

ወንበሩን ሳበች፤ ወደ ግራ ዘንበል ብላ ተቀመጠች። እሱም እጁን ከብረቱ ላይ አላቀቀና እሷ ፊት ዘረጋው። ያዘችው። ሕመሙ ሲመጣ እንደ ብረቱ ጨመቃት፤ እሷም እጇን አልሳበችም። ፊቷ ተጨማደደ፣ እንባዋ ወረደ፣ እሱም አየ። ከእንግዲህ መደበቅ የለባትም፤ ጠያቂ አይደለችም።

«ማነው የሚጠይቀኝ?» አላት ቆይቶ።

«ደረቁ።»

«እሱ ካለቀሰልኝማ እድናለሁ ማለት ነው።»

ደረቁ የሚሉት አንጋፋውን ጠያቂ ነው። ድሮ በአውቶቡስ መናኸሪያ መነሻ ሰዓት በድምፅ ማጉያ ይናገር ነበር። ሕመም ነበረብዎ ሲል ሰዎች ሻንጣቸውን ማንሣት ያለባቸው ይመስላቸዋል። ማክሰኞ መጥቶ ሚዛን ጠጋኙን ጠየቀው፤ ሚዛን ጠጋኙም በጣም፣ በጣም፣ በጣም አለው። ደረቁ ዓይኑን ሳያርገበግብ ጻፈ። ከሰዓት በኋላ ማስታገሻው ተለወጠ።

በዚያ ሳምንት እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ ሰው ሆኖ ነቃ።

መልካም ቀኖች መጡ። ብዙ አልነበሩም፤ መልካም ግን ነበሩ። እህቱ እሑድ እሑድ ንጹሕ ልብስ ታመጣለች፤ ልብሱን እኔ ተኩሼ ማምጣት ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም። አንገትጌው ሲሰፋበት በመርፌ ጠበብ አደርግለታለሁ። ልብሱ እየሰፋ ሳይሆን እሱ እየከሳ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን፤ እሱ ግን፣ እትዬ፣ እርስዎ ሸሚዝ ያሰፋሉ እንጂ አያጠብቡም፣ እያለ ይቀልዳል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሚዛኔን አሳዩኝ አለ። ልጄ ደግፋ ወደ በሩ ወሰደችው። ሲወጣ እግሩ ተንቀጠቀጠ፤ ወገቡን ያዘችው።

«እጅሽን አንሺ፤ ሚዛኑን ታሳስቺዋለሽ» አላት።

«አላነሣም።»

«እንግዲያው የሁለታችንን ነው የሚመዝነው።»

«ይመዝን» አለች።

የሚዛኑ መርፌ ሄዶ ቆመ። ሁለቱም አዩት። ነርሷ ብዕሯን ይዛ ቆማ ነበር፤ ያን ቀን ግን ምንም አልጻፈችም። እኔ የታጠፈ ሸሚዝ ይዤ ከኋላ ቆሜያለሁ። ልጄን ከገደል ልመልስ የሄድኩ ሴት ነኝ። አሁን ግን፣ ምነው መርፌው እዚያው ላይ ቆሞ ቢቀር፣ አልኩ።

አይቀርም። ክረምቱ ሲገባ እግሩ እምቢ አለው፤ ከዚያ ምግቡ፤ ከዚያ ድምፁም እየሳሳ ሄደ። ልጄ ሥራዋን ስትጨርስ ትመጣለች፤ እኔም ከመተኮሻ ቤቱ በቀጥታ እመጣለሁ። በቤታችን ማንም የሚያበስል አልነበረም።

የመጨረሻው ማክሰኞ ልጄ ራሷን አልጋው ጠርዝ ላይ አድርጋ እንቅልፍ ወስዷታል። እሱ ጣቶቹን ጸጉሯ ውስጥ አስገብቶ ጋደም ብሏል። ደረቁ መጣ። ልጄን አይቶ ድምፁን ለመቀነስ ሞከረ፤ ቢሆንም ያው መናኸሪያ ነው። መራመድ ያስቸግርዎታል? በጣም። ድካም? በጣም። ምግብ? አልበላም። ሕመም? ትንሽ። እዚህ ላይ ደረቁ እኔን አየኝ። እኔም የእጁን አንጓዎች አየሁ፤ አልነጡም። እውነቱን ነው።

«ባለፉት ሰባት ቀናት ኑሮዎ በጠቅላላው ከአንድ እስከ አስር ቢለካ ስንት ነበር?»

«ዘጠኝ» አለ።

ደረቁ አልጻፈም። ከላይ ያሉትን መልሶች በዓይኑ ሄደባቸው። ጠያቂ ሁለተኛ አይጠይቅም፤ እሱ ግን በዚያ ሁሉ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ደንቡን ሳተ።

«እናቴ፣ ይህ ሰው እንደገና መዋሸት ጀመረ እንዴ?» አለኝ።

«ጻፈው» አልኩት። «እውነቱን ነው።»

ጻፈው። ሲወጣ መሐረብ አወጣና አፍንጫውን ጠራረገ፤ ጉንፋን ይዞኛል አለ። ሚዛን ጠጋኙ ሊያፏጭ ይመስል ከንፈሩን አሾለ።

«አየሽው እማ?» አለኝ። እትዬ አላለኝም፤ ልጄ እንደምትጠራኝ ጠራኝ። «አለቀሰልኝ እኮ። ልድን ነው።»

«አስሩን ለምን አስቀረኸው ልጄ?» አልኩት።

ጸጉሯን እየነካካ ትንሽ አሰበ።

«ሚዛን እስከ ጫፉ አይጫንም» አለ። «ሞላው ይላላል።»

ሌላ ማክሰኞ አልደረሰም። ሲሄድ እጁ በልጄ እጅ ውስጥ ነበር፤ አልጨመቃትም። ከዚያ የተነሣ መሄዱን ወዲያው አላወቀችም።

ልጄ ሥራዋን አልተወችም። በየማክሰኞው ከአልጋ አልጋ ትዞራለች፤ በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ ላይ አሁን አንዲት አሮጊት ተኝተዋል፤ እሳቸውም ሰባት ቀን ይሏታል። በሚዛኑ ስታልፍ እጇን ጫን አድርጋ ታልፋለች። መርፌው ሲንቀሳቀስ ከኋላዋ ላለው ሰው እንኳ ይታያል።

ማታ ስትመለስ የወጥ ቤቱ ወንበር ላይ አስቀምጣታለሁ። እግሬን እያሻሸሁ ፊት ለፊቷ እቀመጣለሁ።

«ባለፉት ሰባት ቀናት ተክዘሽ ነበር?»

«በጣም።»

«እንቅልፍ አጥተሻል?»

«ደህና አድርጎ።»

አይዞሽ አልላትም። ራሴን አልነቀንቅም። ፊቴን እንደ ግድግዳ አድርጌ እይዛለሁ፣ ለእኔ ብላ መልሷን እንዳታሳምርልኝ። ይህን ያስተማረችኝ ራሷ ናት። ጥያቄው ሲያልቅ ነው እናቷ የምሆነው፤ ያን ጊዜ ራሷን ደረቴ ላይ ታደርጋለች።

የቀረው የመጨረሻው ጥያቄ ነው።

«ኑሮሽ በጠቅላላው ከአንድ እስከ አስር ቢለካ ስንት ነበር?»

መስኮቱን ታያለች።

«ዛሬ አልመልስም እማ» ትለኛለች።

አልመልስም ማለትም መልስ ነው። ተነሥቼ ሻይ እጥዳለሁ። ሁለት ብርጭቆ እቀዳለሁ፤ የእኔን ስኳር እሷ ብርጭቆ ውስጥ እጨምረዋለሁ።